አጥንት ቀቃዩና የኣስካል በር

ኣቦይ ገብረዝጊን እጅ ጨብጠው ሰላም የሚሉ ሰዎች በመቀሌ ከተማ ውስጥ ከአምስት አይበልጡም ነበር። የቀረው ሰው ክርኑን ዘርጋ ያደርግላቸዋል፤ ወይ ደግሞ ከሩቅ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ምክንያቱ ሥራቸው ነው። የእንስሳት ሕክምና በሚማሩበት አንድ ግቢ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በትልልቅ በርሜሎች የሞቱ እንስሳትን ይቀቅላሉ። አህያ ይቀቅላሉ፣ ፈረስ ይቀቅላሉ፣ ግመል ይቀቅላሉ፤ አንድ ጊዜ መኪና የገጨው ጅብም ቀቅለዋል። ሥጋው ሲላቀቅ አጥንቱን ያወጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ከዚያ በቀጭን ሽቦ ከራስ ቅል እስከ ጅራት መልሰው ይገጣጥሙታል። ተማሪዎቹ በዚያ ተምረው ይፈተናሉ፤ ይመረቃሉ፤ ዶክተር ይባላሉ። መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ክርናቸውን ይሰጧቸዋል።

ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም «ኣፍላሒ ዓጽሚ» ነው፤ አጥንት ቀቃይ እንደማለት። በሠርግም በተዝካርም ምግብ ለብቻቸው ይቀርብላቸዋል። አንድ ጊዜ የጽዋ ማኅበር ለመግባት ጠይቀው «ቦታ ሞልቷል» ተባሉ፤ በወሩ ሁለት አዲስ አባላት ገቡ። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉዎች ናቸው ለማለት አልደፍርም። ሰነፎች ናቸው። የሞተ አህያ የነካ እጅ ርኩስ ነው ብሎ ማመን አያደክምም፤ ያ እጅ ስንት ጊዜ እንደታጠበ መጠየቅ ግን ያደክማል። እኔ ከእሳቸው እጅ የጸዳ እጅ አላየሁም። ሥራ ሲጨርሱ በሳሙና፣ ከዚያ በሎሚ፣ ከዚያ እንደገና በሳሙና ይታጠባሉ። ክርናቸውን የሚሰጧቸውን ሰዎች እጅም አይቻለሁ።

ኣቦይ ገብረዝጊ ይህን ሥራ የጀመሩት ሌላ ሰው ስላልፈለገው ነው። ከዚያ በፊት ሠላሳ ስድስት ዓመት ምጽዋ ኖረዋል። በአሥራ አራት ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር ወርደው በአንድ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኑ፤ ከዚያ ሐቢብ የሚባል ለኪ ረዳት። ማዕበል ዓሣ ነባሪ ወደ ዳርቻ ሲጥል የሁለቱ ሥራ ይጀምራል። ሐቢብ ቋጠሮ ባለው ገመድ ይለካል፣ ገብረዝጊ ይጽፋሉ። ሬሳው ትኩስ ከሆነ ዓይነቱን ማወቅ ለማንም አይከብድም፤ ችግሩ ወሬው ዘግይቶ ሲደርስ ነው። ያኔ አሸዋ ላይ የሚገኘው አጥንት ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹ ተወስዶ። የሐቢብ ችሎታ እዚያ ላይ ነበር። አጥንቱን አገላብጦ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚናገረው ምን እንዳልሆነ ነው። «ይህ አይደለም፣ ያ አይደለም» እያለ ባሕሩን ባዶ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ አንድ ሲቀር ስሙን ያስጽፋል። አንድ ብቻ ካልቀረ ደግሞ «አልታወቀም» ያስጽፋል። ኣቦይ ገብረዝጊ ስለ ሐቢብ ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሱት ይህችን ነው። አለማወቁን በመዝገብ ላይ የሚያስጽፍ ሰው ከዚያ በኋላ አላገኙም።

በ1990 ዓ.ም. ድንበሩ ሲዘጋ በአንድ ሻንጣ መቀሌ ገቡ። ሻንጣው ውስጥ የሐቢብ ገመድ ነበረች። መቀሌ ደግሞ ባሕር የላትም።

አሁን ወደ ኣስካል ልምጣ። ኣስካል ከዓይደር ሆስፒታል ብዙ ሳይርቅ ምግብ ቤት አላት። ደንበኞቿ አስታማሚዎች ናቸው፤ ከአድዋም፣ ከማይጨውም፣ ከአፋርም ታማሚ ይዘው የመጡ፣ ቀኑ የጠፋባቸው ሰዎች። ቦታውን ለማግኘት ማንም አይቸገርም። ግቢዋ መግቢያ ላይ ሁለት ረጃጅም ነጫጭ አጥንቶች እንደ ቀስት ጎብጠው ቆመዋል፤ ከላይ ጫፍ ለጫፍ በሽቦ ታስረዋል። ሰው የሚገባው በመካከላቸው ነው። የባጃጅ ሾፌሮች «ዓጽሚ ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። ከገጠር የመጣ ሰው ለዘመዱ ስልክ ሲደውል «አጥንቱ ሥር ቆሜያለሁ» ይላል።

አጥንቶቹን ያመጣቸው ሟቹ ባሏ ኣረፋይነ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከምጽዋ እህል ጭኖ ሲመለስ ከሸራው በላይ አስሯቸው ገባ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት አዲስ በሠራው ቤቱ በር ላይ ተከላቸው። «የትልቅ ዓሣ ነው» አለ፤ ከዚያ በላይ አላብራራም። ሲሞት ለኣስካል የቀሯት ቤቱ፣ ሁለት ልጆችና ይህ በር ናቸው። በሩ አንድ ጠባይ አለው፤ ያልበዋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ቢጫ ቅባት ያወጣና የሚያልፈውን ሰው ልብስ ያበላሻል። ስለዚህ ኣስካል በየዓመቱ፣ ለፋሲካ ግድግዳዋን ኖራ ስትቀባ፣ በሩንም አብራ ትቀባዋለች።

ኣቦይ ገብረዝጊ ምሳቸውን የሚበሉት እሷ ጋ ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። ከአጥንቱ በር ውጭ አንዲት አግዳሚ አለች፤ እዚያ ላይ። ሰማያዊ ጠርዝ ያላት የብረት ሳህን ለብቻቸው ተመድባለች፤ ከሌሎቹ ሳህኖች ጋር አትታጠብም፤ ታጥባ ስታበቃ ከውጭው ግድግዳ ምስማር ላይ ትንጠለጠላለች። ኣስካል ደግ ሴት ናት። ገንዘብ ያለቀበትን አስታማሚ ዝም ብላ ታበላለች፤ የሞተበትን ታስተዛዝናለች። ሳህኗን ግን ምስማር ላይ ትሰቅላለች።

በ2003 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት የኤግዚቢሽን አዳራሽ አሠራ። ጣሪያው ገባ፣ መስታወቱ ገባ፣ ቀይ መጋረጃው ተሰቀለ፤ የመክፈቻው ቀን ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚታይ ነገር እንደሌለ አንድ ሰው አስታወሰ። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይበልጣል ከመሀል አገር ተዛውሮ የመጣ፣ ንግግር መክፈት የሚወድ፣ የከፈተውን ንግግር መዝጋት ግን የሚከብደው ሰው ነበር። ሳይንሱን እንዲይዝ የተጠራው ዶክተር ባርናባስ የሥነ ምድር ምሁር ነው። ሌሎቹ አራቱ ሰብሳቢው ሲስቅ ይስቃሉ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ሰብሳቢው ትግርኛ ስለማይሰማ ስብሰባው በአማርኛ ነበር፤ በሁለቱም ቋንቋ የማልናገረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ኣስካል በር ያመጣን ምሳ ነው። አቶ ይበልጣል በበሩ ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎ አየና ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ዶክተር ባርናባስ ቦርሳውን ከፈተ። መቀሌ በኖራ ድንጋይ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ኮረብታው፣ አጥሩ፣ ቤቱ ሁሉ እሱው ነው። እዚህ የሠራ የሥነ ምድር ሰው አንድ ልማድ ይይዘዋል፤ ያየው ነገር ሁሉ ላይ አሲድ ያንጠባጥባል። አረፋ ከደፈቀ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካልደፈቀ ሌላ ነው። ዶክተሩም ከትንሿ ጠርሙስ ሁለት ጠብታ አጥንቱ ላይ ጣል አደረገ። ቺስ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

«ወደ ድንጋይ ተቀይሯል» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«አጥንቱ በጣም አሮጌ ነው። በዚህ አካባቢ ያለውን ድንጋይ ያስቀመጠው በዳይኖሰር ዘመን የነበረ ባሕር ነው።»

አቶ ይበልጣል ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ሰማ።

«ዳይኖሰር» አለ ቀስ ብሎ፣ ከረሜላ እንደሚመጥ ሰው።

ኣስካል እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረበች። «ጌታዬ፣ እሱኮ ባለቤቴ ከምጽዋ ያመጣው ነው። የዓሣ አጥንት ነው ብሎኛል።»

«ባለቤትሽ ምን ነበር ሥራው?»

«ሾፌር።»

«ሾፌር» ብሎ ደገመ ወደ እኛ ዞሮ። አራቱ ሳቁ። «እናቴ፣ ሦስት ሜትር አጥንት ከምጽዋ ድረስ ማን ይሸከማል? ቤቱን ስትሠሩ መሠረት ቆፈራችሁ፣ ይህ ወጣ፣ ዝም አላችሁ። እውነቱ ይኸው ነው። አንቺን ማንም አልከሰሰም፤ አትፍሪ።»

ከዚያ ምሳችንን በላን። ጣፋጭ ነበር።

በማግስቱ ውሳኔው ተላለፈ። አጥንቶቹ ለአዳራሹ ይነሳሉ። የኣስካል ግቢ «ዳይኖሰር የተገኘበት ቦታ» ተብሎ ይታጠራል። ኣስካል በአንድ ወር ውስጥ ትለቃለች፤ ምትክ ቦታ ከከተማው ዳር ዓይናለም፣ ከውሃ ጉድጓዶቹ ወዲያ ይሰጣታል። ከዚያ ሰፈር እስከ ሆስፒታሉ በእግር ሄዶ የሚመለስ አስታማሚ እንደሌለ ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። «ጻፊ» ሲባል ጻፍኩ።

አንድ ችግር ቀረ። አጥንቶቹን ሳይሰብር የሚፈታ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ አባል የእንስሳት ሕክምና ግቢ ውስጥ አጥንት የሚገጣጥም ሠራተኛ እንዳለ ሰምቷል። «ሐኪም ነው?» አለ ሰብሳቢው። «የለም፣ ሬሳ ቀቃይ ነው።» ተሳቀ። ደብዳቤ ተጻፈ።

ኣቦይ ገብረዝጊ በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት መጡ። በአንድ እጃቸው የመሣሪያ ከረጢት፣ በሌላው የተጣጠፈ ደብዳቤ። ኣስካል ከወጥ ቤት ወጥታ ስታያቸው ማማሰያዋን እንደያዘች ቆመች።

«ኣቦይ ገብረዝጊ፣ እርስዎም?»

«ደብዳቤ መጣልኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«ሦስት ዓመት ያበላኋቸው ሰው በሬን ሊነቅሉ መጡ።»

«በሳህኔ» አሉ ኣቦይ ገብረዝጊ። ሌላ አልጨመሩም።

አቶ ይበልጣል ሰዓቱን አየ። የጭነት መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። «አንተ ነህ የተላክኸው? ቶሎ በል። እንዳትሰብር ብቻ፤ የመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ዕቃ ነው።»

ኣቦይ ገብረዝጊ ከረጢታቸውን አልከፈቱም። መዳፋቸውን አጥንቱ ላይ አሳርፈው ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለው አሻሹት፤ የታመመ በሬ እንደሚዳብስ ሰው።

«የማን ነው ተባለ?»

«የዳይኖሰር።»

«እሱ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?»

አራቱ ሳቁ። አንዱ «ትልቅ እንሽላሊት፣ ኣቦይ» አለ።

«እንሽላሊት ጥርስ የለውም እንዴ?»

ሳቁ ትንሽ ቀነሰ።

«ይህ የታች መንጋጋ ነው» አሉ። «ጥርስ ያለው እንስሳ ጥርሱ ቢረግፍ እንኳ ጉድጓዱ ይቀራል። አህያም ቢሆን፣ ግመልም ቢሆን። እስኪ የዚህን ጉድጓድ ፈልጉልኝ።»

ማንም አልፈለገም። ዶክተር ባርናባስ ግን ተናደደ፤ ምሁር የሚናደደው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። «አጥንቱ ድንጋይ ሆኗል፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ይሆናል። በአሲድ አረጋግጠናል» አለና ጠርሙሱን አውጥቶ እንደገና አንጠባጠበ። አረፋው ደፈቀ። «ይኸው።»

«ጠርሙሷን ያውሱኝ፣ ዶክተር።»

ሰጣቸው። ኣቦይ ገብረዝጊ ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ሄዱና ሁለት ጠብታ ጣል አደረጉ። ግድግዳውም ቺስ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

«እዚህም አለ ማለት ነው» አሉ።

መጀመሪያ የገባት ኣስካል ናት። አፏን በሽርጧ ሸፈነች። «እሱማ ኖራ ነው። በሩንም ግድግዳውንም ከአንድ ባልዲ ነው የምቀባው። እንዳያልበው ብዬ።»

አንድ የተማረ ሰው፣ አራት የሚስቁ ሰዎችና አንድ ሰብሳቢ ለፋሲካ የተቀባ ኖራ ላይ አሲድ አንጠባጥበው የአንዲት ሴት ቤት ሊወስዱ ነበር። እሷን ግን አንድ ጥያቄ የጠየቃት የለም፤ «በምን ነጣ?» የምትል።

አቶ ይበልጣል ቶሎ ነቃ። «ኖራው ላዩ ነው። ከሥሩ ዳይኖሰር አለመሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ ኣቦይ ገብረዝጊ፣ ሳያሾፉ። ከከረጢታቸው ቢላ አውጥተው መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ኖራውን ፋቁት። የአሥራ ምናምን ዓመት ኖራ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ተነሣ። ከሥሩ ቢጫ፣ ወዝ ያለው አጥንት ወጣ። ዶክተሩ አሲዱን ራሱ አንጠባጠበ፤ ጥቂት አረፋ ብልጭ ብላ ጠፋች። ኣቦይ ገብረዝጊ ጥፍር የምታክል ቅራፊ ቆርጠው ወጥ ከተጣደበት ከሰል ላይ ጣሏት። ወዲያው የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ከኋላው ደግሞ የከረረ የዓሣ ዘይት ሽታ ተከተለ። ሰብሳቢው አፍንጫውን ያዘ።

«ድንጋይ እንዲህ አይሸትም» አሉ። «ሕይወቱ ካለፈ ሃምሳ ዓመትም የሞላው አይመስለኝም። ኣረፋይነ አልዋሸም፣ ዓሣ ነባሪ ነው።»

ኣስካል የባሏን ስም ስትሰማ ማማሰያዋን ዝቅ አደረገች።

ዶክተር ባርናባስ አንድ ጥይት ቀርታው ነበር። «እሺ፣ ዓሣ ነባሪ ነው እንበል። የትኛው? በዓለም ላይ ሰማንያ ዓይነት ይኖራል።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ጥያቄ አልነበረም፤ በር መዝጊያ ነበር።

ኣቦይ ገብረዝጊ ከረጢታቸውን ከፍተው ቋጠሮ ያላትን ገመድ አወጡ።

«ጥርስ የለውም አልን። ሰባው ምናምኑ ሄደ። ጥርስ ያለው ትልቁ ዓሣ ነባሪ መንጋጋው ፊት ለፊት ተጣብቆ ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጧል። ቀሪዎቹ አሥር ጥቂት ቢበልጡ ነው።» ከአጥንቱ በአንደኛው ጫፍ አጠገብ ወደ ጎን የወጣችውን ጉብታ ያዙ። «ከእነሱ ውስጥ ይህች የሌላቸው አሉ። እንደ ኪንታሮት ብቻ ያለቻቸውም አሉ። የዚህ ግን መዳፌን ያክላል፤ ወደ ውጭም ዘንበል ብሏል። ስለዚህ እነዚያም ሄዱ።»

ገመዷን በጎባጣው ጀርባ ዘርግተው ቋጠሮ ቆጠሩ። «ሁለት ሜትር ከዘጠና። ትንሹ ዓይነት ቢሆን ቁመቱ እኔ ራስ ላይ ይቀር ነበር። የሁሉም ትልቁ፣ ሰማያዊው፣ ቢሆን ከዚህ ጣሪያ በላይ ይሄድ ነበር።»

«የሰማያዊው ግልገል ቢሆንስ?» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ አሁን እውነትም እየጠየቀ ነው።

«የግልገል አጥንት ላዩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ የአህያ ውርንጭላም እንደዚያው ነው። ይህ ጠንቷል።» ገመዷን ጠቀለሉ። «ሁለት ቀሩ። ሁለቱን በመንጋጋ ብቻ ለይቼ አላውቅም። የጆሮውን አጥንት ባገኝ ነበር።»

ከወጥ ቤት ውስጥ ዱክ ዱክ የሚል ድምፅ ይሰማል። የኣስካል ሠራተኛ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጠች ነው። ኣቦይ ገብረዝጊ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«በምንድን ነው የምትወቅጡት?»

«በድንጋይ» አለች ኣስካል። «ኣረፋይነ ከአጥንቱ ጋር ያመጣው ከባድ ድንጋይ አለ። እጅ ላይ ልክ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ነው የምንወቅጥበት።»

«አምጪልኝ።»

አመጣችው። ከጎኑ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የታጠፈ፣ ነጭ ሽንኩርት ያወዛው፣ እንደ ብረት የሚከብድ ነገር ነበር። ኣቦይ ገብረዝጊ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ወደ ብርሃኑ አዙረው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከምጽዋ ከወጡ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው አያውቁም።

«ይህ ጆሮው ነው» አሉ።

ከዚያ የኣስካል ፊት ገረጣ። እሷ የገረጣችበትን ነገር አራቱ ትንሽ ዘግይተው ደረሱበት። የሞተ እንስሳ አጥንት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የተበላው ወጥ ሁሉ፣ የአስታማሚው፣ የነርሷ፣ የባለሥልጣኑ፣ በሬሳ ጆሮ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ኮሚቴው ያጣጣመው ምሳም እንዲሁ። አንደኛው አባል አፉን በመሐረብ ጠረገ፤ ምሳው ከሁለት ሳምንት በፊት እንደነበር ረስቶ። አቶ ይበልጣል «እኔ ያን ቀን ሽሮ ነው የበላሁት» አለ። ሽሮው ውስጥም ነጭ ሽንኩርት ነበረበት። በሩቅ ክርናቸውን ይሰጡ የነበሩ ሰዎች የኣስካልን ውሃ እየቀዱ አፋቸውን ተጉመጠመጡ።

«ንጹሕ ነው፣ ጓለይ» አሉ ኣቦይ ገብረዝጊ ለኣስካል ብቻ። «አጥንት ከታጠበ ንጹሕ ነው።»

ከዚያ መዳፋቸውን ዘጉበት። «ይኸው፣ እጄ ውስጥ ገባ። የሁለተኛው ዓይነት ቢሆን ከእጄ ይተርፍ ነበር። ይህን ሐቢብ ‹ብራይድ› ብሎ ነው የሚያስጽፈኝ። ቀይ ባሕር ላይ ሰባት ለክተናል።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ዶክተር ባርናባስ። «እርስዎ» ሲላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«ከመቶ ሰማንያ።»

«የቀረው ሃያስ?»

«እሱ ራስ ቅሉ ላይ ነው። ራስ ቅሉ ምጽዋ ቀርቷል።»

ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ አሥራ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ዶክተር ባርናባስ ጠርሙሱን በጥንቃቄ ዘጋ፤ ቦርሳው ውስጥ አስገባ፤ መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ተሳስቻለሁ» አለ፤ በአጭሩ። ይህን ያለው እሱ ብቻ በመሆኑ ከዚያ በኋላ በእሱ ላይ ለማሾፍ ልቤ አልጸናም።

አቶ ይበልጣል ግን አልተሳሳተም። አቶ ይበልጣል የሚሳሳት ሰው አይደለም። ጉሮሮውን ጠርጎ አስጻፈኝ። «ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅና ሳይንሳዊ ጥናት፣ አጥንቱ የብራይድ ዓሣ ነባሪ መሆኑን ስለደረሰበት፣ ቀደም ሲል ለወይዘሮ ኣስካል የተጻፈው ደብዳቤ እንዲሻር ወስኗል። በጥናቱ አንድ የጉልበት ሠራተኛ ተባብሯል።»

«ስሙስ?» አልኩ። በሦስት ወር ውስጥ በስብሰባ ላይ የተናገርኳት ይህችው ናት፤ ድምፄን ራሴም በደንብ አልሰማሁትም።

«የጉልበት ሠራተኛ ይበቃል።»

ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ። ከሥሩ «ዓይነቱ ከመቶ ሰማንያ እርግጠኛነት፤ የቀረው ራስ ቅሉ አልተገኘም» የምትል መስመር ጨመርኩ። አቶ ይበልጣል ፈረመበት። የሚፈርመውን አንብቦ አያውቅም፤ በዚህች ጠባዩ አመሰግነዋለሁ። አዳራሹ በቀኑ ተከፈተ። ቀዩ መጋረጃ ሲገለጥ ከኋላው የአዳራሹ የራሱ ፎቶግራፍ ነበር።

ደብዳቤው በተሻረ ማግስት ምሳ ሰዓት ላይ ኣቦይ ገብረዝጊ እንደ ልማዳቸው ወደ አግዳሚዋ መጡ። እኔ የመሻሪያውን ደብዳቤ ለኣስካል ላደርስ ሄጄ ስለነበር ያየሁትን ልናገር። ምስማሩ ባዶ ነበር። ባለሰማያዊ ጠርዟ ሳህን ግቢው ውስጥ፣ ከሌሎቹ ሳህኖች ጋር፣ በአንድ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፋለች። ኣስካል ከአጥንቱ በር ሥር ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

«ኣቦይ ገብረዝጊ፣ ዛሬ ወደ ውስጥ ነው። ከኛ ጋር።»

ዓይናቸውን ወደ ባዶው ምስማር መለሱ።

«በሩን ልቀባው ወይስ ልተወው?» አለች።

«ቀቢው። ያልበዋል።»

ከዚያ እጇን ዘረጋችላቸው። ከወጥ ቤት እንደወጣች ነው፤ ጣቶቿ ላይ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል። ኣቦይ ገብረዝጊ እጇን አዩ፤ በቀስታ፣ በአክብሮት፣ ክርናቸውን ዘረጉላት።

ኣስካል ሦስት ዓመት ስታደርግባቸው የኖረችውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀባዩ ወገን ሆና አየችው። አልሳቀችም። ወደ ሳፋው ተመለሰች፤ ሳሙናውን አነሣች፤ እስከ ክርኗ ድረስ ታጠበች። አሮጌው ሰው በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል፣ ግማሽ ውጭ ግማሽ ውስጥ፣ ቆመው ጠበቋት።